ቀለም አልይዝ ያለው ራስ

ቶሎ የምጮህ ሰው ነበርኩ። ነበርኩ ስል አሁን ፈጽሞ አልጮህም ማለቴ አይደለም፤ ባለቤቴ ይህን ቢያነብ ይስቃል። ግን ከመጮሄ በፊት ትንፋሽ የምወስድባት ትንሽ ቦታ ውስጤ ተፈጥራለች። ያቺን ቦታ ያገኘሁት በአንዲት ሳምንት፣ ቁመቱ አንድ ክንድ በማይሞላ የእንጨት ሰው ምክንያት ነው። ታሪኩ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ጊዜው ባጃጅ አርባ ምንጭን መውረር የጀመረበት ሰሞን ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ በታችኛው የከተማው ክፍል፣ ሲቀላ ውስጥ ታፔላ እጽፍ ነበር። በየፀጉር ቤቱ በር ላይ የነበሩት፣ አንገታቸው ከጭንቅላታቸው የወፈረ ጎረምሶች የእኔ ሥራ ናቸው። የጁስ ቤቱ ግድግዳ ላይ የነበረው ፓፓያም የእኔ ነው፤ አንዳንድ ሰው ሐብሐብ ነው ይለው ነበር፣ አልከራከርም። ከእኔ ሌላ ታፔላ የምትጽፍ ሴት በከተማው አላውቅም። መሰላል ላይ ወጥቼ ከሥር ለሚቀልዱብኝ ሁሉ መልስ ስሰጥ ነው መሰለኝ ድምፄ እንዲያ ከፍ ብሎ የቀረው።

አባቴ አንጁሎ ደግሞ ቀራጭ ነበር። እሱ ከዋንዛ እንጨት ሰው ያወጣል፣ እኔ ቀለም አለብሰዋለሁ። ዋና ደንበኛችን አቶ ፍቅሩ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ነበሩ። በወጣትነታቸው እኛ ከተማ ሠርተዋል፤ ኋላም በየዓመቱ ከአዲስ አበባ እየመጡ ከላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ያርፉና ወደ እኛ ይወርዳሉ። ከአባቴ ጋር የተስማሙት አሥራ ሁለት የእንጨት ሰዎች ለማስቀረጽ ነው፤ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ እንሰት ፋቂዋ፣ አባያ ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥለው ዓሣ አጥማጅ፣ ሌሎችም። አሥራ አንዱ ቤታቸው በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆመዋል። ፎቶውን አሳይተውናል። በመካከል አንድ ቦታ ክፍት ነበር።

ያ ቦታ የሽማግሌው ነው። ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እርጥብ ሳር የያዘ የጋሞ ሽማግሌ። አገራችንን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ እኛ ዘንድ ሰው ሲጣላ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መሃል ይቆማሉ። ሳር ይዞ የቆመን ሰው ገፍቶ የሚያልፍ የለም። የበደለም ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ሳር ይዞ ይሄዳል።

አባቴ ሽማግሌውን ቀርጾ በጨረሰ በወሩ ስትሮክ ግማሽ ጎኑን መታው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ፤ ቀኝ እጁ ግን ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በግራው ምርኩዝ ይይዛል። ከዚያ ወዲህ መቅረጫ አልጨበጠም። ስለዚህ ሰውዬው፣ እኛ ቤት ስሙ "ሰውዬው" ነበር፣ የአባቴ እጅ የመጨረሻ ሥራ ነው። ቢበላሽ ሌላ የሚቀርጽ የለም። ፊቱን ብታዩት! ግንባሩ ላይ አራት መስመሮች ነበሩ፤ ከዓይኖቹ ጥግ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽብሽቦች ይነሣሉ። አባቴ ያን ያህል የተጠበበበት ፊት አይቼ አላውቅም። አቶ ፍቅሩ ቅዳሜ ይመጣሉ። እኔ ቀለሙን ሰኞ ጀመርኩ።

ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ጥላ ሥር ጠረጴዛዬን ዘረጋሁ። መጀመሪያ መደብ የሚሆን ነጭ ውሃ ቀለም ይቀባል። እግሩ ተቀበለ፣ ገላው ተቀበለ፣ እጆቹ ተቀበሉ። ራሱ ላይ ስደርስ ቀለሙ ጎመን ቅጠል ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ድብልብል እያለ ሸሸ። ጠርጌ ደገምኩት። ሸሸ። ወፈር አድርጌ ለደፍኩበትና እስኪደርቅ ተውኩት። ማክሰኞ ጠዋት በጥፍሬ ብነካው ከግንባሩ እስከ አገጩ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ወደቀ።

ምን አደረግኩ? የማውቀውን። የብርጭቆ ወረቀት አንሥቼ ራሱን ፈተግኩት። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያየኛል።

"ቀስ በይ" አለኝ።

"ቀስ ብዬ ነው። ቀለሙ ነው እንጂ።"

ብናኙን እፍ ስል ከአራቱ መስመሮች አንዱ የለም። አባቴም አይቷል። ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ያን ጊዜ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በዘይት ቀለም ሞከርኩ። ረቡዕ ጠዋት ገላው ደርቋል፤ ራሱ ግን ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ቀለሙም ወተት ላይ እንዳለ ስልባቦት ተጨማዷል። እንደገና ፈተግኩት። ሁለተኛው መስመር ሄደ፤ የዓይኑ ጥግ ሽብሽቦችም ደበዘዙ። እጄን አንሥቼ ቆምኩ። ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ብፈትገው የአባቴ ሰውዬ ፊት የሌለው ሰው ይሆናል።  እኔ ደግሞ ስፈራ አላለቅስም፤ የምቆጣው ሰው እፈልጋለሁ።

የምቆጣውንም አላጣሁም። ቀለም የምገዛው ከጋሽ ሸምሱ ነው፤ ገበያው ዳር ካለው የቀለምና የምስማር ሱቅ። ጸጥ ያሉ፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው፣ ወላጆቻቸው ከሌላ አገር መጥተው የሰፈሩ ሰው ናቸው። ታፔላ መጻፍ ስጀምር "ሴት ልጅ በመሰላል?" ብሎ ያልሳቀብኝ ነጋዴ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ ያን ቀን ረሳሁት። የተከፈተውን ጣሳ ይዤ ገባሁና ባንኮኒው ላይ አኖርኩት። ሱቁ ውስጥ አራት አምስት ሰው ነበር፤ አንዱ ሴቻ ላይ ቤት የሚያሠራ ፎርማን ነው።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ይሄንን በምን ቀላቅለው ነው የሚሸጡት? በናፍጣ?"

"ምን ሆነ ልጄ?"

"አይደርቅም! አይዝም! የአባቴን ሥራ አበላሸብኝ!"

ጣሳውን አንሥተው አሸተቱ፤ በጣታቸው ነክተው አዩ። "ቀለሙ ደህና ነው። እንጨቱ እርጥብ ይሆን?"

"ስለ እንጨት እኔን ሊያስተምሩኝ ነው? እናንተ ከሌላ አገር መጥታችሁ ያገራችንን ሰው ማታለል ለምዳችኋል!"

 ይህችን ዓረፍተ ነገር ከአፌ መልሼ ለመዋጥ ብዙ ነገር እሰጥ ነበር። አሁን ስጽፋት እንኳ ጆሮዬ ይግላል። ጋሽ ሸምሱ ግን አልጮሁም።

"እኔ እዚሁ ሲቀላ ነው የተወለድኩት፣ ልጄ" አሉ። ከዚያ ከመደርደሪያው ያልተከፈተ ጣሳ አወረዱና እፊቴ አስቀመጡ። "ይሄንን ውሰጂ። እዚሁ ሰው እያየሽ ክፈቺው።"

ከፈትኩትና ይዤው ወጣሁ። ስወጣ ፎርማኑ የገዛቸውን ሦስት ጣሳዎች ወደ ባንኮኒው መልሶ ሲያስቀምጥ አየሁት። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ ምን እንዳልኩ፣ ምን እንዳሉ፣ ፎርማኑም ዕቃውን እንደመለሰ። አባቴ ምርኩዙን እያየ ሰማኝ። አንድ ቃል አልተናገረም። የታመመ ሰው ነው፣ ደክሞት ነው ብዬ ሰውዬውን በአዲሱ ቀለም ቀባሁት።

ሐሙስ ጠዋት ራሱ እንደገና ይጣበቃል። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ይነቃል። ቀለሙ ሌላ፣ ጣሳው ሌላ፣ የሚሸሸው ግን ያው ራስ ነው። እኔ ግን "መደርደሪያው ሙሉ ያው የተበላሸ ቀለም ነው" ብዬ ደመደምኩ። ሸካራ የብርጭቆ ወረቀት ላመጣ ወጣሁ፤ የመጣው ይምጣ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልፈትገው ነው። መንገድ ላይ ሞባይሌን መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ።

አባቴ ማንጎው ሥር ተቀምጧል። ሰውዬው ጭኑ ላይ ነው። አጠገቡ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ተከፍቷል። በግራ አውራ ጣቱ ከቅጠሉ እየቆነጠረ የሰውዬውን ራስ ያሻል፣ ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያሽ ሰው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቀረብኩ። ቅቤ ነው።

አፍንጫዬ የቀለም ማቅጠኛውን አኳራጅ ሳሸት ስለምውል ከሞተ ቆይቷል፤ አለዚያማ ሰኞ ዕለት ይገባኝ ነበር።

"አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

አልደነገጠም። እንዲያውም ሸክም እንዳወረደ ሰው ትከሻው ወረደ። እኛ ቤት የምናወራው በጋሞኛ ነው፤ ለእናንተ በአማርኛ ላድርገው።

"በወረቀት እንዳትፈትጊው ብዬ ነው" አለ። "ቅቤ ሲጠጣ ቀለሙ በጣት ይነሣል። እይ።" እውነት ነው፤ ቀለሙ ከአውራ ጣቱ ሥር እየተንከባለለ ይወጣል፣ ከሥሩ ያለው እንጨት ሳይነካ።

"መቼ ጀመርክ? ቅቤውን።"

"እሑድ። ከዚያ አንቺ በፈተግሽው ቁጥር። ማክሰኞም፣ ትናንትም። በደንብ ስለምጠርገው አይጎዳም ብዬ ነበር።"

"ትናንት መቼ?"

"ሸምሱ ጋ ሄደሽ ሳለ።"

እኔ እዚያ ስጮህ እሱ እዚህ እየቀባ ነበር። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። "ለምን?" ብቻ ነው ያልኩት።

እስከዚያ ቀን ያልሰማሁትን ነገረኝ። የሰውዬው ፊት የአያቴ ፊት ነው። አያቴ ጨንቻ በኩል ባለው ደጋ ሃላቃ፣ በሥርዓት የተሾሙ የአገር መሪ፣ ነበሩ፤ ሃላቃ ሲሾም ራሱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። ለአባቴም ተራው ደርሶት ነበር። እሱ ግን ያኔ ጌታን ተቀብሏልና ሥርዓቱን አልፈጽምም ብሎ ወደ ቆላ ወረደ። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ አልተነጋገሩም። ይህን ሰው ቀርጾ ጨርሶ ሲያየው፣ አባቱን በባዶ ራሱ ወደ ሩቅ አገር ሊሰደው መሆኑ ታየው።

"ባዶ ራሱን ልልከው አልቻልኩም" አለኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ጋሽ ሸምሱን ሰድቤያቸው መጣሁ ስልህ ለምን ዝም አልክ?"

"የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። አንጁሎ እንጨት በቅቤ ይቀባል ቢባልስ? ፈራሁ።" ከዚያ የሰውዬውን የተዘረጉ እጆች አየ። "ለዕርቅ የቆመ ሰው እየቀረጽኩ ሰው አጣላሁ።"

አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም አለቀስኩ። የእኔ ግን በአብዛኛው እፍረት ነበር። ሰውዬውንም፣ ቅዳሜንም ለጊዜው ረሳን።

ዓርብ በጠዋት፣ ሰው ወደ ጁምዓ ከመሄዱ በፊት እንድረስ ብሎ ቀሰቀሰኝ። በጋ ስለነበር ሳሩ ሁሉ ደርቋል፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወርጄ ውሃ ካልተለየው ቦታ አጨድኩ። ሳመጣለት አንድ ችግር ገጠመን። የሚሠራለት አንድ እጅ ነው፤ ያም ምርኩዝ ይይዛል። ሳሩን በምን ይያዝ?

"እኔ ልያዘው" አልኩ።

"ዝም ያልኩት እኔ ነኝ" አለና ምርኩዙን በሩ ላይ ደግፎ ተወው። ሳሩን በግራ እጁ ያዘ። ክንዱ ሥር ገባሁለት፤ ምርኩዙ እኔ ሆንኩ። ከቤታችን እስከ ገበያው ሩቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ሦስት ጊዜ አረፍን። ሳሩን ያየ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅልናል፤ ማንም የት ነው ብሎ አልጠየቀንም።

ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆምን፤ አልገባንም። ውስጥ ሰው ነበር፤ ያ ፎርማንም በአጋጣሚ ነው፣ ወይ እግዚአብሔር ነው፣ በዚያ ሲያልፍ ሳሩን አይቶ ቆሟል። አባቴ አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው። ተናገረ፤

"ሸምሱ። ልጄ ቀለም መጥፎ ነው አለ። ቀለም መጥፎ አይደለም። ቅቤ ነው። እኔ ነው የቀባ። ልጄ አያውቅም። እኔ አውቆ ዝም አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ስድቡ ግን የእኔ ነው" አልኩ። ከዚያም ረቡዕ የጮህኩትን ያህል ጮሄ፣ ደጅ ላለውም እንዲሰማ፣ "የጋሽ ሸምሱ ቀለም ምንም አልሆነም! ዋሽቼባቸዋለሁ! የተናገርኩትም ነውር ነው!" አልኩ። መጮህ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ሸምሱ ከባንኮኒው ኋላ ወጡ። መጥተው እፊታችን ቆሙ፤ ግን ሳሩን እንጂ እኛን አያዩም።  ይቅር አይሉንም ብዬ ሰጋሁ።

"ከልጅነቴ ጀምሮ" አሉ በመጨረሻ፣ "ሳር የያዙ ሰዎች በዚህ በር ሲያልፉ አያለሁ። ሁልጊዜ ወደ ሌላ ሰው ቤት ነው የሚሄዱት። ለእኔ ተብሎ ሳር ሲመጣ ዛሬ የመጀመሪያው ነው።"

ሳሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አባቴን አቅፈው ወደ ውስጥ አስገቡና በራሳቸው ወንበር አስቀመጡት። እኔን "አንቺ ጯሂ፣ ግቢ" አሉኝ። ይቅርታው በዚህ አለቀ።

የሰውዬውን ነገር ስነግራቸው ሳቁ። "ቅቤና ቀለም መቼም አይዋደዱም። ምን ያታግልሻል ታዲያ? ቅቤ የጠጣ ዋንዛ እኮ ራሱ መልክ አለው። ራሱን ተዪለት።" አርባ ዓመት ቀለም የሸጠ ሰው አትቀቢ አለኝ።

ዓርብ ከሰዓት አባቴ በአውራ ጣቱ፣ እኔ በለስላሳ ጨርቅ፣ ከራሱ ላይ የቀረውን ቀለም እህል ታህል ሳናስቀር አነሣን። ሁለቱ መስመሮች ተረፉ። የጠፉትን ሁለት እንደገና ላውጣቸው ብዬ ስለት ሳነሣ አባቴ ከለከለኝ፤ "ይሁን። አባቴም ሲያረጅ እንዲሁ ነበር" አለ፤ አላመንኩትም፣ ግን አመሰገንኩት። ገላውን በዱንጉዛው፣ በጋሞ የክት ልብስ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር አለበስኩት። እጁ ላይ የተቀረጸውን ሳር በጋሽ ሸምሱ አረንጓዴ ቀባሁት። ራሱ ባዶ እንጨት ሆኖ፣ ወዝ ጠግቦ፣ ጠቁሮ ያበራል።

ቅዳሜ አቶ ፍቅሩ መጡ። ሰውዬውን ተቀብለው አዟዟሩትና ቅንድባቸውን አነሡ።

"ራሱ አላለቀም እንዴ?"

አባቴ አየኝ። ነገርኳቸው፤ ሁሉንም፣ ስድቤን ጨምሮ። ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። የሰውዬውን ራስ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

"በስንት ጊዜው ነው የሚቀባው?" ብለው ጠየቁ።

"ሲደርቅ" አለ አባቴ።

አቶ ፍቅሩ ሰውዬውን በጋቢያቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ይደውሉ ነበር፤ "ዛሬ ቀባሁት" ለማለት ብቻ። አባቴ ካረፈ በኋላም ለእኔ መደወላቸውን አልተዉም።

እንግዲህ ይኸው ነው። ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ታፔላ መጻፌን አልተውኩም፤ ፓፓያዬም ብዙ አልተሻሻለም። ነገር ግን አሁን እንጨት ይሁን ቆርቆሮ ሲመጣልኝ ብሩሽ ከማንሣቴ በፊት ባለቤቱን "ምን ነክቶታል? ማን ይዞት ነበር?" ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው ሲያስቆጣኝም ይህንኑ ለመጠየቅ እሞክራለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። አባቴን ግን ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ኖሬ ስለ አያቴ አንድም ቀን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ እናንተ አባት ካላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ።

ጋሽ ሸምሱ አሁን አርጅተዋል፤ ሱቁን የያዘችው ልጃቸው ናት፣ እሳቸው በር ላይ ይቀመጣሉ። ያቺ ሳር ከቀለሞቹ በላይ፣ ምስማር ላይ፣ በክር ታስራ ተሰቅላለች። ደርቃ ገለባ መስላለች። አዲስ ደንበኛ ሁሉ ቀና ብሎ ምን እንደሆነች ይጠይቃቸዋል።

"መታወቂያዬ ናት" ይላሉ።